ካሜራውን የከለከልኩ ቀን

የበደለችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ጊዜው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የእናታችን አርባ የወጣ ቀን ነው። ቦታው ቁስቋም፣ እናቴን ዘጠኝ ዓመት ባስታመምኩበት ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ። ካህናቱ ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ የዕድሩ ሰዎች ተቀምጠው እየበሉ ሳለ፣ እህቴ ሳህኗን መሬት አስቀምጣ ብድግ አለችና «እናቴን እንደ በግ ቆልፋባት ነው የገደለቻት» አለች። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠ ሰውዬ ጉርሻውን እንደያዘ ማኘኩን አቆመ። ያን ሰውዬ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳየው ዞሬ እሄዳለሁ።

ስለ መቆለፉ ሌላ ሰው ከሚናገርልኝ እኔው ልናገር። እናቴን በመጨረሻዎቹ ዓመታት የመርሳት በሽታ ይዟት ነበር። በሩን ክፍት ካገኘች ሽቅብ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ትወጣለች፤ አለዚያም ቁልቁል ወርዳ ሽሮ ሜዳ ከሸማ ሻጮቹ መካከል ትገኛለች። ሁለት ጊዜ ታክሲ ለጥቂት ስቷታል። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ጠዋት ስወጣ የግቢውን በር ከውጭ እቆልፋለሁ፤ በምሳ ሰዓት መጥቼ አበላታለሁ፤ ደግሜ ቆልፌ እሄዳለሁ። ስቆልፍ በቆርቆሮው ክፍተት ታየኛለች። አትጮህም፤ ታየኛለች ብቻ። እህቴ ያኔ ጅማ አግብታ ትኖር ነበር። በዓመት አንዴ ማር ይዛ ትመጣለች፤ ሦስት ቀን ታድራለች፤ እናታችን እንደከሳች ነግራኝ ትመለሳለች።

በድንኳኑ ቀን አንዲት ቃል አልመለስኩላትም። ሰው ዝምታዬን ለትዕግሥት ቆጠረልኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ ክረምቱ እንደወጣ የንስሐ አባቴ ቤቴ መጡ። ወንበር ስቤላቸው ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«እህትሽ ታማለች። ሐኪሞቹ ሆዷን ኦፕራሲዮን ትደረግ ብለዋል። ከዚያ በፊት መቁረብ ትፈልጋለች፤ የንስሐ አባቷ ግን ከእህትሽ ሳትታረቂ አላቆርብሽም ብለዋታል።»

«ትምጣና ትታረቀኛ።»

«መንገዱን አትችለውም፣ ልጄ። በስልክ እናስታርቃችሁ።»

«ድምፅ ማንም ያወጣል፣ አባ። ፊቷን ሳላይ አልታረቅም። በኮምፒውተር ይሁን። ደግሞ እንደ ወጉ ድንጋይ ትሸከም።»

በእኛ ወግ በዳይ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ ከተበዳይ ፊት ይንበረከካል። ተበዳዩ ይቅር ብያለሁ ሲል ሽማግሌ ድንጋዩን ያነሣለታል። እስከዚያ አይወርድም። ዛሬ ዛሬ ብዙ ሰው ይህን ትቶታል፤ ጉልበት ስሞ መነሣት ይበቃል።

«የታመመች ሴት እኮ ናት» አሉኝ አባ።

«ድንኳን ውስጥ ስትቆም ጤነኛ ነበረች።»

በማግሥቱ ደውለው ሁለቱንም እሺ ማለቷን ነገሩኝ። ደስ አለኝ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኛል። ዕርቁ ለረቡዕ ተቆረጠ። እሑድ ልትቆርብ፣ ሰኞ ሆስፒታል ልትገባ።

ኮምፒውተሬ ጡረታ ስወጣ የገዛሁት ላፕቶፕ ነው። ለሰፈሩ ሰው ማመልከቻ እጽፍበታለሁ። መሥሪያ ቤታችን ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ሲዞር መጀመሪያ የለመድኩት እኔ ነኝ፤ ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ አለቆቹ ሳይቀሩ እኔን ነበር የሚጠሩት። ስለዚህ አታውቂም መባል አልወድም። ካሜራውን ግን በዕድሜዬ ከፍቼው አላውቅም። ከጅማ የላኩትን የስብሰባ ሊንክ ስከፍተው ሲስተሜ አሮጌ ነው፣ አይሠራም አለኝ። ቅዳሜ ዕለት ተሸክሜው ሽሮ ሜዳ ወረድኩ። ከጋቢ ሱቆቹ መካከል በጠባብ ክፍል ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ ባለሙያ አለ።

«ሲስተሙን በአዲስ እቀይርልዎታለሁ» አለኝ። «አዲሱ ግን ጥያቄ ያበዛል፣ እማማ። ሲጠይቅዎ እያነበቡ ይመልሱ።»

«ማንበብ ካንተ በፊት ነው የቻልኩት» አልኩት።

እውነቱን ነው፣ ጥያቄ ያበዛል። ቤት ገብቼ እንደከፈትኩት የት እንዳለሽ ልወቅ አለኝ። ማይክሮፎንሽን ልጠቀም አለኝ። ካሜራሽን ልጠቀም አለኝ። እኔ ደግሞ የት እንዳለሁ እንዲያውቅ የምፈልገው ሰው የለም። ሁሉንም ከልክል፣ ከልክል እያልኩ አለፍኩ። እሑድ ሊንኩን ስሞክረው እሱም ጠየቀኝ፤ እንደለመድኩት ከልክል እያልኩ አለፍኩ። እኔ የምታይበት ቦታ ጥቁር ሆነ፤ መሐሉ ላይ መስመር የተሰመረባት የካሜራ ሥዕል።

ሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ ተመልሼ ወረድኩ። በሩ ላይ ቆሜ ጮህኩበት። «ደህና ማሽን ሰጥቼህ አሳውረህ መለስክልኝ! ይሄ ነው ሙያ?»

«እማማ፣ ይቀመጡ እስቲ። ምናልባት ፈቃዱ ተከልክሎ ይሆናል፣ ላሳይዎት...»

«እኔን ልታስተምረኝ ነው? የሰው ንብረት ማበላሸት ነው የተማርከው!»

ሳላስከፍተው ይዤው ወጣሁ። አጠገቡ ባለው ሱቅ ጋቢ የምትመርጥ አንዲት ሴት የጋቢውን ጫፍ በእጇ እንዳንጠለጠለች ቀረች፤ እኔን ትታ እሱን አየችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ያዳነችኝ ጎረቤቴ ናት። ክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ከኮምፒውተር ጋር የምትሠራ፣ አርባዎቹን የጀመረች ጴንጤ ናት፤ ቀልዷ አያልቅም። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ በአጥር ጠራኋት።

«ካሜራው ሞቶ ከሆነ እንቅበረው፤ ካልሞተ እናስነሣው» ብላ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከስብሰባው ውጭ ካሜራውን ብቻውን ከፈተችው። ጥቁር። ከዚያ የሲስተሙ ማስተካከያ ውስጥ ገብታ ካሜራ የሚል ቦታ አገኘች። «ይኸው፣ እዚህ ላይ ማንም እንዳይጠቀም ተብሏል። ሲስተሙ ሲቀየር የሚመጣ ነገር ነው።» አንዱን ከፈተች፤ ከሥሩ ደግሞ ለብሮውዘሩ የሚሆነውን ሌላውን ከፈተች። ከስክሪኑ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት በራች። ፊቴ መጣ። ከአገጭ በታች የታየ የአሮጊት ፊት።

«አማረብዎ!» አለች።

«አጥፊው።»

«ቆይ፣ አልጨረስንም።» ሊንኩን ከፈተች፤ አሁንም ጥቁር ነው። ከአድራሻው ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ስትነካት ዝርዝር ወረደ። ካሜራ፦ ተከልክሏል። ማይክሮፎን፦ ተከልክሏል። «ይሄንንስ ማነው የከለከለው?»

«ባለሙያው ነዋ።»

«ባለሙያው ሊንኩን ከየት አምጥቶ?» ሳቀች። «እትዬ፣ ብሮውዘር ከመሬት ተነሥቶ አይከለክልም። አንዴ እምቢ ካሉት ግን አይረሳም፤ ደግሞም አይጠይቅዎትም። ልክ እንደ እርስዎ።»

«ተይ አንቺ!»

ሁለቱንም እንዲጠይቅ አድርጋ አስተካከለችው፣ ብሮውዘሩን ዘግታ ከፈተችው። «ነገ ሲጠይቅዎ ፍቀድ ይበሉ። ካሜራውን የያዘ ሌላ ፕሮግራም ክፍት ካለ ይዝጉ። ካልጠየቀዎት እቺን ምልክት ይንኩ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ አልደርስልዎትም።» ሦስት ጊዜ አሠራችኝ። በወረቀት ጻፍኩት። ስለዚህ አውቀው ነበር። አላወቀችም እንዳይባልልኝ።

ረቡዕ አባ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ነጠላዬን ለብሼ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጥኩ። ማይክሮፎን ሲጠይቀኝ ፈቀድኩ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ጅማ ተከፈተ፦ አንድ ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ መሐላቸው እህቴ።

ጉንጯ ጎድሏል። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል። ከንፈሯን ወደ ውስጥ ሰብስባ፣ ራሷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ስክሪኑን ትፈልገዋለች። እናቴ ነበረች። እናቴ በመጨረሻው ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት፣ በቆርቆሮው ክፍተት እንደምታየኝ።

«እቴቴ፣ አለሽ?» አለች። በልጅነቷ እንዲህ ነበር የምትጠራኝ።

«አለሁ።»

«ፊትሽ አይታይም።»

የካሜራዋን ምልክት ነካሁ። ጥያቄው መጣ። ፍቀድ፣ ከልክል። ጣቴ አልተሳሳተም። ያ ፊት እንዲያየኝ አልፈለግኩም። ከልክል አልኩ።

«ካሜራው እምቢ አለ» አልኩ። «ሲስተሙን የቀየረው ሰውዬ አበላሽቶታል።»

አባ ከጎኔ ሆነው አዘኑ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ልጄ። አንቺ ካየሻት ይበቃል» አሉኝ። ስለ ኮምፒውተር አያውቁም። የምናገረውን ያምናሉ።

እህቴ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ተንበረከከች። አንደኛው ሽማግሌ ድንጋዩን አነሣ። ትንሽ ይመርጡላታል ብዬ ነበር። እሷ ናት መሰለኝ ትልቁን የመረጠችው። አንገቷ ላይ ሲያሳርፈው ትከሻዋ ወረደ። ሁሉም ወደ ስክሪኑ ዞረው ጠበቁ። እኔ ይቅር ብያለሁ ማለት ነበረብኝ። ዝም አልኩ።

«ድምፁም ሄደ መሰለኝ» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«ንካው እስቲ።»

«የቱን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሆነውን ንካ!»

«ስነካው ሴትየዋ ብትጠፋስ?»

«ድሮስ የት አለች?»

ቄሱ ቆጣ አሉ። «ኔትወርኩ እስኪመለስ ድንጋዩን አውርዱላት፤ የታመመች ናት» አሉ።

«አይወርድም» አለች እህቴ፣ አንገቷን እንደደፋች። «እሷ ታየኛለች።»

አየኋት። አባ «በይ እንጂ፣ ልጄ» ብለው ክንዴን ነኩኝ። እኔ ግን ድንኳኑን እያሰብኩ ነበር። ያን ማኘኩን ያቆመውን ሰውዬ። ትንሽ ይቆይ አልኩ በልቤ። ማንም አያየኝም። አሥራ አንድ ዓመት ተሸክሜያለሁ፣ እሷ አንድ አፍታ ብትሸከም ምን አለ።

ያኔ ነው እህቴ ወደ መሬቱ መናገር የጀመረችው። «እቴቴ፣ እኔም ቆልፌባታለሁ። አንድ ክረምት እኔ ጋ ያመጣኋት ጊዜ። ገበያ ስሄድ እቆልፍባት ነበር። ሁለት ሳምንት ብቻ ችዬ ነው የመለስኩልሽ። ድንኳን ውስጥ ያንን ስናገር ይህንን እያወቅኩ ነው።»

ያንን ክረምት አስታውሰዋለሁ። «አየሩ አልተስማማትም» ብላ ነበር የመለሰችልኝ።

«ይቅር ብያለሁ» አልኩ። «አንሡላት።»

አነሡላት። አባ ጸሎት አደረሱ፤ በወዲያ በኩል ቄሱም። እህቴ አንገቷን እያሸች፣ «ፊትሽን ባየሁት ጥሩ ነበር» አለች።

«ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ።»

«ምንም አይደል። ሲሠራ።»

ማታ ጎረቤቴ ብቅ አለች። «እህስ፣ ታየን?»

«አልሠራም። ያ ሰውዬ ጨርሶ ገድሎታል።»

ተቀምጣ ከፈተችው። ከአድራሻው ጎን ያለችውን ምልክት ነካች። ዝርዝሩ ወረደ። ማይክሮፎን፦ ተፈቅዷል። ካሜራ፦ ተከልክሏል። ትንሽ አየችው።

«ጣቴ ስቶ ነው» አልኩ።

«እሺ እትዬ።» እንዲጠይቅ አድርጋ መለሰችው፣ ክዳኑን ዘጋች፣ ሄደች። ቤቴ መጥታ ሳትቀልድ ስትወጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው።

ሐሙስና ዓርብ ሥራ አልያዘኝም። አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። እናቴ የሞተችው ከሰዓት በኋላ ነው። ምሳ አብልቻት፣ ቆልፌ ወጣሁ። ለሰው ሁሉ ሥራ ላይ ነበርኩ ብያለሁ። ሥራ ላይ አልነበርኩም፤ የዚያን ዕለት ፈቃድ ወስጄ ነበር። ታክሲ ይዤ ስድስት ኪሎ ወርጄ አንድ ኬክ ቤት ተቀመጥኩ። ሻይ ጠጣሁ፣ ሌላ ሻይ አዘዝኩ። ሦስት ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ስሜን እንኳ። ስመለስ በሩ አልከፈት አለኝ። ከወዲያ በኩል ተደግፋው ወድቃ ነበር። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ፤ ብትኖሪም የምታደርጊው አልነበረም አለኝ። እሱ ሥራ ላይ የነበርኩ መስሎት ነው ያጽናናኝ።

ለዚህ ነው በድንኳኑ ቀን ዝም ያልኩት። ትዕግሥት አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በማግሥቱ እህቴ በእኔ ቃል ተማምና ቅዱስ ቁርባን ፊት እንደምትቆም ሳስብ መቀመጥ አቃተኝ። ስልክ ደውዬ «ኮምፒውተሩን ክፈቺው» አልኳት። ሊንኩን ከፈትኩ። ካሜራሽን ልጠቀም አለኝ። ፍቀድ አልኩ። መብራቷ በራች።

እህቴ ብቻዋን ነበረች። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «አርጅተሻል» አለች።

«አንቺም።»

«ተሠራልሽ?»

«ረቡዕም ደህና ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩት።»

«ድንጋዩ አንገቴ ላይ እያለ?»

«አዎ። ድምፁም አልጠፋም ነበር።»

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። ከዚያ የኬክ ቤቱን ነገርኳት። ፈቃዱን፣ ሦስቱን ሰዓት፣ ሁለቱን ሻይ። እናታችን በሩ ሥር መገኘቷን ታውቃለች፤ እኔ የት እንደነበርኩ ግን አታውቅም ነበር። ስጨርስ ስክሪኑ ላይ ቀጥ ብላ ቀረች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኗ ተርገበገበ።

«ያንቺ ድንጋይስ?» አለች።

ወጣሁ። የግቢውን በር እንዳይዘጋ የምናስደግፍበት ድንጋይ አለ። ይዤው ገባሁ። አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ሪህ አለበት።

«አትታዪም» አለች። «ዝቅ አድርጊው።»

በአንድ እጄ ድንጋዩን ይዤ በሌላው ስክሪኑን ወደ ታች ዘንበል አደረግኩት።

«አሁን ታየሽ።»

ወዲያው አውርጂው አላለችኝም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ወለሉን ነበር የማየው፤ እሷ ግን እንደምታየኝ አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ስታለቅስ ሰማሁ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ስታስነጥስ። ከዚያ «በቃ፣ አውርጂው። ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች። የሚያነሣልኝ ሽማግሌ ስላልነበረ ራሴ አነሣሁት።

የድንኳኑን ነገር አልረሳሁትም። እሷም ኬክ ቤቱን የምትረሳው አይመስለኝም።

እሑድ ቆረበች። ሰኞ ኦፕራሲዮን ተደረገች፤ በሰላም ወጣች። እኔ ማክሰኞ ሽሮ ሜዳ ወርጄ፣ ጋቢ ገዢዎቹ በቆሙበት፣ ለባለሙያው ማሽኑ ደህና እንደነበርና ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ነገርኩት። «ኧረ ምንም አይደል፣ እማማ» አለኝና ወንበር አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሬን የማሠራው ሌላ ቦታ ነው።